ደም ያልፈሰሰበት ጦርነት እና የታሪክ ምርመራ

መግቢያ

የታሪክ ተማሪ አንድን ጦርነት ሲመረምር የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ከጥንት ጀምሮ የታወቁ ናቸው። ጦርነቱ በምን ምክንያት ተነሣ? ማን ከማን ጋር ወገነ? ስንቁና ትጥቁ ከየት መጣ? ድሉ የተገኘው በጀግንነት ነው፣ በብልኀት ነው፣ ወይስ በጠላት ስሕተት? በመጨረሻስ ምን ያህል ጠፋ? እነዚህን ጥያቄዎች ስለ ዐድዋ ወይም ስለ ዋተርሎ ብናነሣ የሚደነቅብን ሰው አይኖርም። በዚህ ጽሑፍ ግን ልንጠይቃቸው ያሰብነው አንድ ጥይት እንኳ ስላልተተኮሰበት፣ አንድ ሰውም ስላልሞተበት ጦርነት ነው። ይኸውም በጥር 2006 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2014) ኢቭ ኦንላይን በሚባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ ውስጥ በሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎች የተካፈሉበት የቢ-አር-5-አር-ቢ ውጊያ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህ የጨዋታ ነገር ነው እንጂ የታሪክ ጉዳይ አይደለም ይሉ ይሆናል። ተቃውሞው ቀላል ስላልሆነ በቸልታ ልናልፈው አይገባም። ታሪክ በእውነት የተደረገውን የሚመረምር ትምህርት ከሆነ፣ እንደ ተደረገ ሆኖ የታየው ነገር በምን መብት በመዝገቡ ይገባል? እኛ ይህን ጥያቄ በመጨረሻ ለመመለስ አስበን፣ በመጀመሪያ የጦርነት ጨዋታ ከየት እንደ መጣ፣ ቀጥለንም ውጊያው እንዴት እንደ ተነሣና እንዴት እንደ ተፈጸመ እናቀርባለን።

የጦርነት ጨዋታ አመጣጥ

ጦርነትን በጨዋታ መመሰል አዲስ ነገር አይደለም። በአገራችን ከጥንት የቆየው ሰንጠረዥ ራሱ የሁለት ነገሥታት ጦርነት ምሳሌ ነው። የእኛን ሰንጠረዥ ከአውሮፓው ከሚለዩት ነገሮች አንዱ «ወረራ» የሚባለው መክፈቻ ነው። በወረራ ጊዜ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ፣ ሠራዊታቸውን እንደ ፈቀዱ ያንቀሳቅሳሉ። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ግን ወረራው አብቅቶ ጨዋታው ተራ በተራ ይሆናል። ይህ ሕግ አንድ እውነት ይዟል፤ የጦርነት ዕድል በብዙው የሚወሰነው ሰይፍ ከመመዘዙ በፊት፣ ሠራዊት በሚሰለፍበት ጊዜ መሆኑን ያስተምራል። ስለ ቢ-አር-5-አር-ቢ ስንናገር ይህን ነገር እንደገና እናነሣዋለን።

በፕሩሲያ ጨዋታው ከአዳራሽ ወጥቶ ወደ ጦር ትምህርት ገባ። ፎን ራይስቪትስ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1812 የጦርነት ጨዋታ ሠርቶ ለንጉሥ ፍሬድሪክ ቪልሄልም 3ኛ አበረከተ። የመድፈኛ መኰንን የነበረው ልጁም እ.ኤ.አ. በ1824 ጨዋታውን አሻሽሎ በእውነተኛ ካርታ ላይ፣ በዳይስና በዳኛ የሚካሄድ አደረገው። የጦር ኤታማዦር ሹሙ ጄኔራል ፎን ሙፍሊንግ ጨዋታውን ካዩ በኋላ ለሠራዊቱ ሁሉ መማሪያ ይሆናል ብለው ደገፉት፤ ከዚያም በልዩ ልዩ አገሮች ሠራዊቶች ዘንድ ተስፋፋ።

ነገር ግን የጨዋታው ጥቅም በዳኛው እውነተኛነት የተወሰነ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 1942 የጃፓን ባሕር ኀይል መኰንኖች የሚድዌይን ዘመቻ በጠረጴዛ ላይ ሲለማመዱ፣ በዕጣው መሠረት በአውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦቻቸው ላይ የደረሰውን ጉዳት አድሚራል ኡጋኪ በሥልጣናቸው ቀነሱት፤ ሰጥማ የነበረችውንም መርከብ ወደ ጨዋታው መለሷት። ጥቂት ሳምንታት ቈይቶ በጁን 1942 በእውነተኛው ባሕር ላይ ጃፓን 4 አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች አጣች። እነዚህን ግን ከባሕር ወለል ሊያነሣ የሚችል ዳኛ አልነበረም።

የኢቭ ዓለም አሠራር

ኢቭ ኦንላይን የተከፈተው በሚያዝያ 1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 2003) ሲሆን፣ የሠራውም መቀመጫው በአይስላንድ ዋና ከተማ በሬይክያቪክ የሆነ ሲሲፒ የሚባል ኩባንያ ነው። ከሌሎች ጨዋታዎች የሚለየው፣ ለብቻቸው ከተለዩት ከቻይና ተጫዋቾች በስተቀር፣ የልዩ ልዩ አገር ሰዎች ሁሉ በአንድ ዓለም ውስጥ መገናኘታቸው ነው። ይህ ዓለም ከ7,000 የሚበልጡ የፀሐይ ሥርዓቶችን ይዟል። በመካከለኛው ክፍል ሰላማዊውን የሚያጠቃ በኮምፒዩተሩ ፖሊስ ይቀጣል። በዳርቻው ግን ተጫዋቾች ራሳቸው ካቆሙት በቀር ሌላ ሕግ የለም። በዚያ ማኅበሮች ተባብረው አገር ይይዛሉ፤ ግብር ያስከፍላሉ፤ ግምጃ ቤትና ፍርድ ያቋቁማሉ፤ መልእክተኞችና ሰላዮች ይልካሉ። እነዚህን «መንግሥታት» ኩባንያው አልፈጠራቸውም፤ ባዶ ስፍራ ሰጠ እንጂ ታሪኩን የሠሩት ተጫዋቾቹ ናቸው።

ለምርመራችን ሦስት ሕጎች አስፈላጊ ናቸው። አንደኛ፣ የጦር መርከብ ሁሉ ማለት ይቻላል በተጫዋቾች ድካም የሚሠራ ነው። አንዱ ማዕድን ይቈፍራል፣ ሌላው ያጣራል፣ ሦስተኛው ያጓጉዛል፣ አራተኛው ይገጣጥማል፤ ገበያውም በፍላጎትና በአቅርቦት ይመራል። ሁለተኛ፣ በውጊያ የወደመ መርከብ ወደ ባለቤቱ አይመለስም፤ ሌላ የሚፈልግ እንደገና መሥራት ወይም መግዛት አለበት። ሦስተኛ፣ መርከቡን የሚነዳው ሰው ግን አይሞትም፤ በሌላ ሥጋ ተነሥቶ ወዲያው ወደ ሥራው ይመለሳል።

ከመርከቦቹ ሁሉ ትልቁ ታይታን ይባላል። አንዱን ታይታን ለመሥራት የብዙ ሰዎች ድካምና የሳምንታት ጊዜ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የታይታን ቍጥር የአንድ ማኅበር ኀይል መለኪያ ሆኖ ይታያል። የጨዋታው ገንዘብ ኢስክ ይባላል። ተጫዋች የአገልግሎት ጊዜ መግዣውን በእውነተኛ ገንዘብ ገዝቶ ለሌላ ተጫዋች በኢስክ መሸጥ ስለ ተፈቀደለት፣ የኢስክን ዋጋ በዶላር መገመት ይቻላል። የዚህን ግምት ትርጉም ግን ወደ ኋላ እንመረምረዋለን።

ሰበብና ምክንያት

በቢ-አር-5-አር-ቢ ውጊያ የተቀሰቀሰው እንዲህ ነው። በዚያን ጊዜ ሕግ አንድን የፀሐይ ሥርዓት ይዞ ለመቈየት በየጊዜው የተወሰነ ክፍያ መክፈል ይገባ ነበር። ቢ-አር-5-አር-ቢ ኤን 3 ለሚባለው ኅብረትና ለወዳጁ ለፓንዴሚክ ሌጂዮን የጦር ሰፈርና የዕቃ ግምጃ ቤት ነበረ። በጥር 19 ቀን 2006 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 2014) የዚህ ሥርዓት ክፍያ በጊዜው ሳይገባ ቀረ። ክፍያው ሲቋረጥ ባለቤትነቱ ተሰረዘ፤ ሰፈሩም ለቀደመ ሁሉ ክፍት ሆነ። ተቃዋሚዎቹ፣ ማለት በጉንስዎርም የሚመራው ሲኤፍሲና ተባባሪዎቹ የሩስያ ተጫዋቾች፣ ይህን እንዳወቁ ገስግሰው ገቡ። ባለቤቶቹም ግምጃ ቤታቸው በጠላት እጅ ከመውደቁ በፊት ለማስለቀቅ ያላቸውን ኀይል ሁሉ አመጡ።

ዜናውን ያወሩ ብዙ ጋዜጦች ነገሩን ሁሉ ባልተከፈለ ሒሳብ አስረዱት። ይህ አነጋገር ለወሬ ያምራል፤ ለታሪክ ግን አይበቃም። ቱሲዲደስ የአቴናንና የስፓርታን ጦርነት ሲጽፍ፣ በአፍ የተነገሩትን ሰበቦች ከእውነተኛው ምክንያት ለይቶ፣ ምክንያቱ የአቴና ኀይል ማደግና ይህ በስፓርታ ያሳደረው ፍርሀት መሆኑን አመልክቷል። እኛ ኢትዮጵያውያንም ይህን ልዩነት ከመጽሐፍ ብቻ የተማርነው አይደለም። በኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በወልወል የተደረገው ግጭት ለኢጣልያ ወረራ ሰበብ ሆነ እንጂ ምክንያት አልነበረም። የጨዋታን ነገር ከዚያ መከራ ጋር በክብደት ለማስተካከል አይደለም ይህን የምንጠቅሰው፤ የአመራመሩ መንገድ አንድ መሆኑን ለማሳየት ነው።

በዚህ መንገድ ስንመለከተው፣ ሁለቱ ወገኖች ክፍያው ከመቋረጡ በፊት ሦስት ወር ያህል ሲዋጉ ቈይተዋል፤ ያም ጦርነት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2013 መጨረሻ ስለ ጀመረ የሃሎዊን ጦርነት ተብሏል። ሁለቱም ለብዙ ጊዜ ታይታኖችን ሲያከማቹ ነበር። ያከማቹትንም በአንድ ስፍራ ለማሰለፍ ሁለቱም ይፈሩ ነበር፤ የሚሸነፈው የብዙ ወራት ድካሙን በአንድ ቀን ያጣልና። ሰንጠረዥ የሚያውቅ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ወረራው ረዘመ እንጂ ጠጠሩ ገና አልተበላም ነበር። ያልተከፈለው ሒሳብ ያደረገው ነገር፣ ሁለቱም ወደ ኋላ ሊሉ የማይችሉበትን ስፍራና ሰዓት መወሰን ብቻ ነው።

የውጊያው አካሄድ

ውጊያው 21 ሰዓት ያህል ፈጀ። በጠቅላላው 7,548 ተጫዋቾች ተካፍለውበታል፤ በአንድ ጊዜ በዚያ ሥርዓት ውስጥ የተገኙት እስከ 2,670 ደርሰዋል። ይህን ሁሉ ሰው አንድ ኮምፒዩተር እንዳያቅተው፣ ኩባንያው አስቀድሞ የሠራው ሥርዓት የጨዋታውን ጊዜ እስከ 10 በመቶ ድረስ አዘገየው፤ ማለት በጨዋታው 1 ሴኮንድ የሚፈጀው ሥራ በእውነቱ ሰዓት 10 ሴኮንድ ፈጀ። በዚህም ምክንያት ውጊያው ከፍጥነት ይልቅ የትዕግሥት ሆነ።

የዝግታው ውጤት ለአዛዦቹ ትልቅ ነገር ነበር። ታይታን ታላቁን መሣሪያውን ከተኰሰ በኋላ ለጥቂት ደቂቃዎች ዘሎ ሊያመልጥ አይችልም፤ ጊዜው ሲዘገይ እነዚያ ደቂቃዎች ከአንድ ሰዓት በላይ ሆኑ። ስለዚህ የተኰሰ ሁሉ በስፍራው ታሰረ። ረዳት ጦርም ከሩቅ ለመድረስ ጊዜ አገኘ። ተጫዋቾቹ በልዩ ልዩ አህጉር የሚኖሩ በመሆናቸው፣ በአንዱ አገር ሲነጋ በሌላው ይመሽ ነበርና፣ ጦሩን የሚያበዛውና የሚያሳንሰው የፀሐይ መውጣትና መግባት፣ የሥራና የእንቅልፍ ሰዓትም ሆነ። ከዚህ ቀደም በነበሩ ጦርነቶች ሠራዊት ለፀሐይ ይገዛ የነበረው ጨለማው ስለሚጋርደው ነው፤ በዚህ ግን ወታደሩ በማግስቱ ወደ መሥሪያ ቤቱ ወይም ወደ ትምህርት ቤቱ መሄድ ስላለበት ነው።

ስልቱ ተኩስን በአንድ ኢላማ ላይ ማከማቸት ነበር። አዛዡ የአንዱን የጠላት ታይታን ስም ይጠራል፤ ታይታኖቹ ሁሉ ባንድነት ይተኩሱበታል። በዚህ ዐይነት ውጊያ በመጀመሪያ ጥቂት ብልጫ ያገኘ ወገን ብልጫው እየሰፋ ይሄድለታል፤ የጠፋው ታይታን በሚቀጥለው ተኩስ አይገኝምና። ይህን ነገር እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ላንቸስተር እ.ኤ.አ. በ1916 ባሳተመው መጽሐፍ በሒሳብ አስረድቶታል፤ ተኩሱን ማከማቸት የሚችል ሠራዊት ኀይሉ የሚያድገው በቍጥሩ ልክ ሳይሆን በቍጥሩ ካሬ ነው። በቢ-አር-5-አር-ቢም የሆነው ይኸው ነው። ልዩነቱ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጠባብ ነበር፤ ለሲኤፍሲና ለሩስያውያን ወገን ተጨማሪ ጦር እየደረሰ ሲሄድ ግን ሊጠገን የማይችል ሆነ። በመጨረሻ ኤን 3 እና ፓንዴሚክ ሌጂዮን የቀረውን ለማውጣት አፈገፈጉ።

በድምሩ 75 ታይታኖች ወደሙ። ከነዚህ 59ኙ የኤን 3 እና የፓንዴሚክ ሌጂዮን፣ 16ቱ የሲኤፍሲና የሩስያውያን ነበሩ። የጠፋው ሀብት 11 ትሪሊዮን ኢስክ ያህል ሲሆን፣ በዶላር ከ300,000 በላይ ተገመተ። ኩባንያው በዚያ ሥርዓት ውስጥ የታይታኖቹን ስብርባሪ ለዘለዓለም መታሰቢያ እንዲሆን አቆመው።

ከውጊያው የምናገኘው ትምህርት

አንደኛው ትምህርት ስለ አስተዳደር ነው። በኢቭ ታሪክ ውስጥ ትልልቅ ኀይሎች በመድፍ ብቻ አልወደቁም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2009 ባንድ ኦፍ ብራዘርስ የሚባለው በዚያን ጊዜ እጅግ የተፈራው ኅብረት የፈረሰው፣ ከሹማምንቱ አንዱ ወደ ጠላት ከድቶ፣ በእጁ በነበረው ሥልጣን ኅብረቱን ከመዝገብ ስለ ሰረዘው ነው። ባለቤትነቱም አብሮ ተሰረዘ፤ አገሩም ለጠላት ክፍት ሆነ። የ2009ኙን ክዳትና የ2014ቱን ክፍያ ባንድነት ስንመለከታቸው፣ መንግሥት በሠራዊት ብቻ እንደማይቆም፣ በጸሐፊና በሒሳብ ያዥ እጅም እንደሚቆምና እንደሚወድቅ እንረዳለን። የታሪክ ጸሐፊዎች የጦር አለቆችን ስም ለማስታወስ ይተጋሉ፤ የመዝገብ ቤት ሰዎችን ግን ብዙ ጊዜ ይረሳሉ።

ሁለተኛው ስለ ማስረጃ ነው። በዚህ ጨዋታ እያንዳንዱ የወደመ መርከብ፣ የነጂው ስም፣ ሰዓቱ፣ የጫነው ዕቃ፣ የመቱትም ሰዎች ስም ሁሉ በመኪናው ይመዘገባል። የጥንት ጦርነቶችን የሚመረምር ሰው የሠራዊቱን ቍጥር እንኳ በግምት ሲናገር፣ የዚህ ውጊያ መርማሪ ግን ኪሳራውን እስከ መጨረሻው መርከብ መቍጠር ይችላል። ይሁን እንጂ አዛዡ ያን ኢላማ ለምን እንደ መረጠ፣ ወዳጁ ለምን እንደ ዘገየ፣ ክፍያው ለምን እንደ ቀረ መዝገቡ አይነግረንም። አንድሩ ግሮን የኢቭን ታላላቅ ጦርነቶች ታሪክ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተመ ጊዜ፣ ከመዝገቡ ሌላ ተጫዋቾቹን ማነጋገር ያስፈለገው በዚህ ምክንያት ነው። ቍጥር ቢሟላም አሳብ ከሰው አፍ ይገኛል፤ የሰው አፍ ደግሞ ለወገኑ ያደላል። ማስረጃ በመብዛቱ የታሪክ ምርመራ ችግር አያልቅም ማለት ነው።

ሦስተኛው ስለ ቍጥር ትርጉም ነው። ጋዜጦች 300,000 ዶላር ወደመ ባሉ ጊዜ ብዙ አንባቢ ይህን ያህል ገንዘብ ከሰዎች ኪስ በአንድ ቀን የወጣ መስሎት ነበር። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ቍጥሩ የኢስክን ዋጋ በዶላር በመመንዘር የተገኘ ግምት ነው፤ ታይታኖቹም በብዛት የተሠሩት በተጫዋቾች የጨዋታ ድካም እንጂ በጥሬ ገንዘብ አልነበረም። በእውነት የጠፋው የሰዎች ጊዜ ነው። ይህ ኪሳራ ደግሞ በዶላር ከተገመተው የሚያንስ አይመስለንም።

ቢ-አር-5-አር-ቢ የመጨረሻው አልሆነም። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2020 እስከ ኦገስት 2021 በተካሄደው ጦርነት፣ በዲሴምበር 2020 መጨረሻ ኤም 2 በሚባል ስፍራ 257 ታይታኖች በአንድ ውጊያ ወድመዋል። ጥቂት ቀናት ቈይቶ በዚያው ስፍራ ውጊያው ሊደገም ሲል ግን መኪናው የሰዉን ብዛት መሸከም አቃተው፤ የአጥቂዎቹም መርከቦች ብዙዎቹ ባለቤቶቻቸው ሊያዝዟቸው ሳይችሉ ጠፉ። ከዚህ የምንረዳው፣ የኢቭ ዳኛ እንደ አድሚራል ኡጋኪ ለወገኑ ባያደላም፣ ከድካም ግን ነጻ አለመሆኑን ነው።

የምርመራው ወሰን

አሁን በመግቢያችን ወዳነሣነው ጥያቄ እንመለስ። እስካሁን እንዳየነው፣ በኢቭ ውስጥ መተማመንና ክዳት፣ ድካምና ስግብግብነት፣ ብልኀትና ስሕተት ሁሉ አሉ። እነዚህ አስመሳይ ነገሮች አይደሉም፤ መርከቡ የብርሃን ሥዕል ቢሆንም ከዳተኛው እውነተኛ ሰው ነው፤ የተከዳውም እውነተኛ ሰው ነው። ስለዚህ በታሪክ መዝገብ ለመግባት መብት አለው እንላለን።

ነገር ግን ጦርነት ብለን ስንጠራው አንድ ነገር እንዳንረሳ ያስፈልጋል። ከዚህ በላይ እንዳመለከትነው፣ በኢቭ ዕቃ ይጠፋል፣ ሰው ግን ይመለሳል። በእውነተኛ ጦርነት ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል፤ የፈረሰ ድልድይ ይሠራል፣ የተቃጠለ ከተማ ይታደሳል፣ የጠፋ ሰው ግን አይመለስም። ከጨዋታው ስለ ስንቅ፣ ስለ ስልት፣ ስለ ዲፕሎማሲ ልንማር እንችላለን። ስለ ጦርነት ዋጋ ግን ከእርሱ የሚገኝ ትምህርት የለም፤ ዋጋው ከሕጉ ውስጥ ወጥቷልና።

ይህን ልዩነት ከክርክር ይልቅ የአንድ ሰው ዕድል ያስረዳናል። ሾን ስሚዝ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ባልደረባ ነበር። በኢቭ ውስጥ ደግሞ የጉንስዎርም ዋና ዲፕሎማት ሆኖ፣ ኅብረቶችን በማስታረቅና በማዋዋል በጠላቶቹም ዘንድ ሳይቀር የተከበረ ነበር። በመስከረም 1 ቀን 2005 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2012) በሊቢያ በቤንጋዚ ከተማ በአሜሪካ የዲፕሎማሲ ሰፈር ላይ በተጣለው አደጋ ከአምባሳደሩ ከክሪስቶፈር ስቲቨንስና ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ሞተ። ዜናው በተሰማ ጊዜ የኢቭ ተጫዋቾች፣ ወዳጅም ጠላትም፣ በመቶ የሚቈጠሩ የጠፈር ጣቢያዎቻቸውን በስሙ ሰየሙለት። የጨዋታው መርከበኛ እልፍ ጊዜ ቢሞት እልፍ ጊዜ ይነሣል፤ ሾን ስሚዝ ግን አንድ ጊዜ ሞቶ አልተነሣም። ጣቢያዎቻቸውን የሰየሙትም ሰዎች ይህን በሚገባ ያወቁ ናቸው።

ማጠቃለያ

የቢ-አር-5-አር-ቢን ውጊያ ስንመረምር፣ ሰበብን ከምክንያት መለየት፣ ከአለቆች ጀርባ ያለውን ሥራ መፈለግ፣ ማስረጃን መመዘን፣ ቍጥርን በጥንቃቄ መተርጐም የሚሉት የሙያችን ሕጎች በዚህም እንደሚሠሩ አይተናል። ስለዚህ ጓደኞቻችን እንዲህ ያለውን ጉዳይ እንዳይንቁት እንመክራለን። ለወደፊቱም ይህን ዘመን የሚመረምሩ ሰዎች፣ የዚህ ትውልድ ወጣቶች ሌሊቱን በምን ያሳልፉ እንደ ነበር ማወቅ ያስፈልጋቸዋል።

ከዚህ ጋር ግን ጨዋታውን በጨዋታነቱ መያዝ ይገባናል። የጦርነትን ነገር በካርታና በቍጥር ብቻ ማየት የለመደ ሰው፣ እንደ ሚድዌዩ ዳኛ፣ የሰጠመውን መርከብ በእጁ አንሥቶ መመለስ የሚችል ይመስለዋል። የታሪክ ትምህርት አንዱ ተግባር የማይመለሱትን መቍጠር ነው፤ ይህ ቈጠራ በሌለበት ስፍራ የተደረገው ነገር ውጊያ ሊባል ይችላል፣ ጦርነት ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም።